የቆዳ ካንሰርን በሌዘር ማከም፦ ከጥርጣሬ እስከ ክትትል

ሌዘር የነካውን ሥጋ አትንኖ ያጠፋል። በምላጭ ተቆርጦ የወጣ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ ክፍል) ይደርሳል፤ ጠርዙ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አይቶ ይፈርማል። በሌዘር የተተነነው ግን በጭስ መሳቢያው ቱቦ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ የባዮፕሲ (ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና) ውጤት በእጅ ሳይገባ የሌዘሩ ፔዳል አይረገጥም።

የተጻፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በዙሪያቸው ለሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች ነው። ማሽኑን የሚይዘው በሌዘር የሠለጠነ ሐኪም ብቻ ነው። በሽተኛውን መምረጥ፣ ናሙና መላክ፣ ቁስሉን መንከባከብና መከታተል ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ በሌለበት ቦታ የሚሠራ ሥራ ነው። ቤተሰብ የታመመበት አንባቢ የመጀመሪያውንና የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ቢያነብ ይበቃዋል።

ማን ለሌዘር ይሆናል፣ ማንስ አይሆንም

ለቆዳ ካንሰር የመጀመሪያው ሕክምና ዛሬም ቆርጦ ማውጣት ነው። ሌዘር ተራው የሚደርሰው በሽታው ከላይኛው የቆዳ ክፍል ሳይወርድ ሲቀርና ቆርጦ ማውጣቱ ሲያስቸግር ነው፦ ቁስሎቹ ብዙ ሲሆኑ፣ በሽተኛው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሲወስድ፣ ወይም ቁስሉ መስፋት በማይመች ቦታ ላይ ሲሆን።

ለሌዘር የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። በፀሐይ ብዛት የሚመጣው ሸካራ ቅድመ ካንሰር (አክቲኒክ ኬራቶሲስ) እና የታችኛው ከንፈር ላይ የሚወጣው አቻው፤ ከላይኛው ሽፋን ያልወረደው ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ (ከቆዳው የላይኛው ሽፋን ሴሎች የሚነሣ ካንሰር)፣ ማለትም የቦዌን በሽታ፤ በደረት፣ በጀርባና በክንድ ላይ ያለ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ላይ ላዩን የሚሄድ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ (ከላይኛው ሽፋን የታችኛው ረድፍ ሴሎች የሚነሣ ካንሰር)። ከእነዚህ ሁሉ ሌዘር እጅግ የሚያምርበት ከንፈር ላይ ነው፤ በምላጭ ከተሠራው ይልቅ ቅርጹ ሳይበላሽ ይድናል።

ችግሩ ወደ ወሎ ሆስፒታሎች የሚመጣው ብዙው የቆዳ ካንሰር ከዚህ ዝርዝር ውጭ መሆኑ ነው። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የእግር መዳፍና የጥፍር ሜላኖማ (ቀለም ከሚሠሩ ሴሎች የሚነሣ ካንሰር) ነው። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ሜላኖማ የሚወደው ቦታ ፀሐይ የማያየው ነው፤ ተረከዝ፣ የእግር መዳፍ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ሥር። «እሾህ ወጋኝ»፣ «ድንጋይ መታኝ» ተብሎ ወራት ያልፋል። ጠርዙ የተዘባረቀ፣ ቀለሙ ከቦታ ቦታ የሚለያይ፣ እያደገ የሚሄድ ጥቁር ምልክት፣ ወይም በጥፍር ላይ የወረደ ጥቁር መስመር ወደ ጥፍሩ ሥር ቆዳ ከተሻገረ፣ ሌዘር በአጠገቡ አይለፍ። የቁንጅና ቤት ሌዘር ጥቁር ነጥብ «ሲያጸዳ» የሚሠራው ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ይጠፋል፣ ካንሰሩ ከሥር ይቀጥላል፣ ሲመለስም ጥልቀቱን የሚናገር ናሙና የለም።

ሁለተኛው የጠባሳ ካንሰር ነው። በልጅነቱ ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው የቃጠሎ ጠባሳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ቆስሎ አልድን ሲል፣ ጠርዙ ሲጠነክርና አበባ ጎመን የሚመስል ሥጋ ሲያወጣ፣ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከሥጋ ደዌ በኋላ ስሜት ባጣ እግር ላይ ለዓመታት የቆየ ቁስልም እንዲሁ ይለወጣል፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነውና እንዲህ ያለውን በሽተኛ ወዴት መላክ እንዳለበት የአካባቢው ጤና ጣቢያ ያውቀዋል። ይህ ካንሰር በጥልቀት ይገባል፣ ወደ ሊምፍ ዕጢም ይሄዳል። የቀዶ ሕክምና እንጂ የሌዘር ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው አልቢኒዝም ያለባቸው (ቆዳቸው ቀለም የሌለው) ሰዎች ናቸው፤ ጆሮ፣ ከንፈር፣ አንገት፣ የእጅ ጀርባ። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወገልጤና ደግሞ ከዚያም በላይ። ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም። እነዚህ ሰዎች ላይ ቅድመ ካንሰሩን በሌዘር ማጽዳት በእርግጥ ይጠቅማል፤ ግን ከእያንዳንዱ ጠንካራ ወይም የቆሰለ እብጠት ናሙና ይወሰድ፤ በአንድ ፊት ላይ ቅድመ ካንሰርና የገባ ካንሰር ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ከዚህ ሌላ በአፍንጫ፣ በዓይን ዙሪያና በጆሮ ላይ ያለ ቤዛል ሴል፣ ታክሞ የተመለሰ፣ ጠርዙ የማይለይና እንደ ጠባሳ የጠነከረ፣ እንዲሁም የሰውነት መከላከያው በተዳከመ ሰው ላይ የወጣ ካንሰር ለሌዘር አይመረጥም።

ናሙናው

መጀመሪያ ሊምፍ ዕጢ ዳስሱ፦ ለእግር ብሽሽት፣ ለክንድ ብብት፣ ለፊትና ለከንፈር አንገትና መንጋጋ ሥር። ያበጠ ዕጢ ከተገኘ የሌዘሩ ወሬ እዚያው ያበቃል።

ቁስሉን ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ደግሞ የሰውነቱ ክፍል በሚታወቅበት ርቀት። ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። የ4 ሚሊ ሜትር ፓንች (ክብ የናሙና መቁረጫ) ቀዳዳ በሁለት ሦስት ሳምንት ይድናል፤ ውጤቱ ሲመጣ ትንሽ ቁስል የት እንደነበረ በሽተኛውም ሐኪሙም የሚጠፋባቸው ጊዜ አለ። ጀርባ ላይ ከሆነማ በሽተኛው ራሱ አይቶት አያውቅም።

ፓንቹን ከወፍራሙ ወይም ከጠንካራው ጠርዝ አስገቡ፤ ከመካከል የሞተው ሥጋ ምንም አይናገርም። ጥቁር የሆነ ነገር ከሆነ ከተቻለ ከ2 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ጠርዝ ጋር ሙሉውን አውጡ፤ ትልቅ ከሆነ ሳትነኩ ላኩ። ናሙናው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ስሙና ቦታው በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በፎርማሊን ይታጠባል። ወረቀቱ የሚለጠፈው ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አምስት ክዳን በአንድ ጊዜ ሲከፈት የማን ክዳን የማን እንደሆነ አይታወቅም።

በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «ቁስል» ብቻ ጽፎ መላክ ፓቶሎጂስቱን በጨለማ መተው ነው። ዕድሜ፣ ቦታ፣ ስፋት፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ጠባሳ ላይ ይሁን አይሁን፣ ምን እንደጠረጠራችሁ ጻፉ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ከስሙ አልፋችሁ አንብቡ። ወደ ደርሚስ (ከላይኛው ሽፋን ሥር ወዳለው የቆዳ ክፍል) ገብቷል? በፀጉር ሥር ወርዷል? «ቢያንስ ላይ ላዩን ያለ» የሚል ቃል ካለ ናሙናው ሥሩን አልያዘም ማለት ነው፤ ድገሙት።

ጉዳዩ ለሌዘር የሚሆን ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ማሽኑ ያለበትን ቦታና ማሽኑ መሥራቱን በስልክ አረጋግጡ። ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብሎ የተመለሰ ገበሬ ሁለተኛ አይሄድም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው የሪፈር ወረቀቱ በደረጃው ካልመጣ ከኪሱ ይከፍላል፤ ወረቀቱን ዋናውንም ኮፒውንም ስጡት።

ማሽኑ ምን ያደርጋል

ለዚህ ሥራ የተለመደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። የጨረሩ ሞገድ 10600 ናኖሜትር ሲሆን ውሃ አጥብቆ ይመጠዋል። ሴል ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ፈልቶ ይፈነዳል፣ ሴሉም አብሮ ይተናል። ጨረሩ በዓይን አይታይም፤ የምታዩት ቀይ ነጥብ ማመልከቻ ብቻ ነው።

ትልቁ ነገር የነጥቡ ስፋት ነው። 10 ዋት በ2 ሚሊ ሜትር ነጥብ ሲያርፍ በካሬ ሴንቲ ሜትር 320 ዋት ገደማ ይሆናል። ያው 10 ዋት በ0.2 ሚሊ ሜትር ነጥብ ሲሆን 32000 ገደማ። ነጥቡ 10 እጥፍ ሲጠብ ኃይሉ 100 እጥፍ ይጨምራል፤ ሃንድፒሱን (በእጅ የሚያዘውን የማሽኑን ጫፍ) ጥቂት ማቅረብና ማራቅ ከማትነን ወደ መቁረጥ ያሸጋግራል። ቁጥሩን የምታስተካክሉት በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ቢሆንም ኃይሉን የሚወስነው እጃችሁ ነው።

ክፍሉን ማዘጋጀት

በሩ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይሰቀል፣ በሩ ይዘጋ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ 10600 ተብሎ የተጻፈበት፣ ጎኑ የተሸፈነ መነፅር ያድርግ፤ ለሌላ ሌዘር የተሠራ መነፅር ቀለሙ ቢያምርም ለዚህ አይሆንም። በዓይን አካባቢ ሲሠራ በሽተኛው ማደንዘዣ ጠብታ ተደርጎለት የብረት የዓይን ሽፋን ይገባለታል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

እሳት ቀልድ አይደለም። ቆዳው በአልኮል አይጠረግ፤ በውሃ የተበጠበጠ ክሎርሄክሲዲን ተጠቀሙና እስኪደርቅ ጠብቁ። ዙሪያውን በሳላይን የራሰ ጎዝ ክበቡት፤ ጎዙ ሲደርቅ ራሱ ማገዶ ይሆናልና በየጥቂት ደቂቃው አርጥቡት። ኦክስጅን በአፍንጫ እየሄደ ከሆነ ፊት ላይ አትሥሩ። ፀጉርና ቅንድብ በውሃ ይራስ፣ ቅባትና የፀጉር ቅቤ ካለ አስቀድሞ ይታጠብ። አንድ ሳህን ውሃ ከእጅ በማይርቅ ቦታ ይቀመጥ።

ጭሱ ሕያው ነገር ሊይዝ ይችላል፤ የኪንታሮት ቫይረስ ዲኤንኤ በሌዘር ጭስ ውስጥ ተገኝቷል። የመሳቢያው አፍ ከቁስሉ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን። ራቅ ካደረጋችሁት ድምፅ እንጂ ጥቅም የለውም። ተራው የቀዶ ሕክምና ማስክ አይበቃም፤ ኤን95 የተባለውን ማጣሪያ ማስክ አድርጉ።

ከዚያ ጨረሩን ፈትኑ። ይህ ሌዘር በተራ የመስታወት ፋይበር አያልፍም፤ በማሽኑ ክንድ ውስጥ ካሉ መስታወቶች እየተንጸባረቀ ነው የሚመጣው። ማሽኑ ሲገፋ ወይም ሲጫን አንዱ መስታወት በጥቂቱ ከዞረ ቀዩ ነጥብና እውነተኛው ጨረር ይለያያሉ። የምላስ መጫኛ እንጨት አርጥባችሁ በእርሳስ ትንሽ ክብ ሥሩበት፤ ቀዩን ነጥብ በክቡ መካከል አሳርፉና አንድ ጊዜ ተኩሱ። የተቃጠለው ጉድጓድ ክቡ ውስጥ ከሆነ ቀጥሉ። 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ከወጣ በዚያ ቀን አትሥሩ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱን ካስነሳ አደጋ ነው። መብራቱ እንደጠፋ ቁልፉን አጥፉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ስታንድባይ (ጨረር የማይለቅበት መጠባበቂያ) ላይ አድርጋችሁ የእንጨቱን ፈተና ድገሙ። የቮልቴጅ ማስተካከያ የሌለው ማሽን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መስመር ዕድሜው ያጥራል።

ምልክትና ማደንዘዣ

ጠርዙን በደማቅ መብራት እያያችሁ ከማደንዘዣው በፊት አስምሩ፤ መርፌው ቆዳውን አሳብጦና አንጥቶ ድንበሩን ያጠፋዋል። ከሚታየው ጠርዝ ለቤዛል ሴልና ለቦዌን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጨምሩ።

ማደንዘዣው ሊዶኬይን ያለ አድሬናሊን በኪሎ ግራም 4.5 ሚሊ ግራም፣ ከአድሬናሊን ጋር 7 ሚሊ ግራም ከፍተኛው ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ያለ አድሬናሊን 225 ሚሊ ግራም ማለት ነው፦ በ1 በመቶ 22 ሚሊ ሊትር፣ በ2 በመቶ 11 ብቻ። ስህተቱ ሁሌ የሚመጣው 2 በመቶውን እንደ 1 በመቶ ከመቁጠር ነው፤ ብዙ ቁስል ሲሠራ ቀስ በቀስ ይደራረባል። ጆሮ መጮህ፣ የከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ከመጣ ቁሙ። ከአድሬናሊን ጋር ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ።

ከገጠር የመጡ ትልልቅ ሰዎች ሕመምን ውጠው ዝም ይላሉ። «አብሽሩ እትዬ፣ አሁን ምንም አይሰማዎትም» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ በመርፌ ጫፍ ነክታችሁ ፊታቸውን ተመልከቱ። እጅ ካፈገፈገ ጨረሩ ጤነኛውን ቆዳ ይመታል።

ማለፍ በማለፍ

ለቤዛል ሴል ሌዘሩን ከመክፈታችሁ በፊት በኩሬት (ጠርዙ ስለታም በሆነ መፋቂያ) ፈግፍጉ። ካንሰሩ ከጤነኛው ቆዳ የለሰለሰ ነው፤ ኩሬቱ በቀላሉ ያወጣዋል፣ ጤነኛው ደርሚስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሲቧጥጥ እጅ ላይ ይሰማል። የወጣው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ሌዘሩ ሊያጠፋው የነበረውን ማስረጃ በዚህ ታድናላችሁ።

ሌዘሩን በሱፐርፐልስ (ጨረሩን በአጫጭር ምት በሚለቀው አሠራር)፣ ከሌለ በ5 እስከ 10 ዋት፣ በ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነጥብ ክፈቱ። እጁ ሳይቆም እርሻ እንደሚታረስ ጎን ለጎን በሆኑ መስመሮች ይሂድ። አንድ ቦታ ላይ መቆም ጉድጓድ ይቆፍራል።

በመጀመሪያው ማለፍ፣ ማለትም ጨረሩ ቁስሉን አንድ ጊዜ ሲያዳርስ፣ ቆዳው ይነጣል፣ ይፈነጣጠራል። በሳላይን በራሰ ጎዝ ጥረጉ፤ ነጩ ልባስ ተላጥቶ ከሥሩ ለስላሳ ሮዝ ቀለም ይታያል። ቅድመ ካንሰርና ከንፈር ብዙ ጊዜ እዚህ ወይም በሚቀጥለው ማለፍ ያበቃል። ከጠረጋችሁ በኋላ በደረቅ ጎዝ አድርቁ፤ የተረፈ ውሃ ጨረሩን ይጠጣውና ማለፉ ከንቱ ይሆናል።

በሁለተኛው ቆዳው ሲኮማተር ታያላችሁ። በሦስተኛው ቀለሙ እንደ ብራና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የረጠበ የጥጥ ፈትል የሚመስሉ ወፍራም ክሮች ሲወጡ ደርሚሱ ውስጥ በጥልቀት ገብታችኋል፤ ላይ ላዩን ላለ ካንሰር እዚህ ቁሙ። ስብ ከታየ አልፋችኋል፤ ቀዳዳው ጠባሳ ይሆናል። ክሮቹ መካከል ግራጫ፣ እንደ ሙጫ የሚንሸራተት ነገር አሁንም ከቀረ ደግሞ ካንሰሩ ከተገመተው ጠልቋል ማለት ነው፤ ሌዘሩን አጥፍታችሁ ለቀዶ ሕክምና ላኩ።

ጥቁር ከሰል እየበዛ ከመጣ የምትሠሩት እያተነናችሁ ሳይሆን እያነደዳችሁ ነው። ከሰል ውሃ የለውም፤ የሚገባው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ከሥር ያለውን ጤነኛ ቆዳ ያበስላል። ከሰሉ በደንብ ይጠረግ፣ እጁ ይፍጠን።

የሚፈስ ትንሽ ደም ሃንድፒሱን አርቃችሁ ጨረሩን ስታሰፉት ይቆማል፤ ከ0.5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የደም ሥር ግን በጣት መጫን ይፈልጋል። ቦዌን ፀጉር ባለበት ቦታ ሲሆን በፀጉሩ ሥር ተከትሎ ይወርዳል፤ ላዩ ጸድቶ ከዓመት በኋላ በነጠብጣብ የሚመለሰው ከዚያ ነው። ስለዚህ ፀጉራም ቦታ ላይ ላለ ቦዌን ምላጩን አስቀድሙ።

ቤት ሲገባ

የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት እንደተሸፈነ ይቆይ። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ ማጠብ፣ ቫዝሊን ወፈር አድርጎ መቀባት፣ በማይጣበቅ ጎዝ መሸፈን። «አየር ያግኘውና ይድረቅ» የሚባለው ቁስሉን ያዘገያል፤ ቅርፊት የሠራ ቁስል ቆይቶ ይድናል፣ ጠባሳውም ይብሳል። ቅቤ፣ አመድ፣ ፌጦ፣ የተጨመቀ ቅጠል አይነካው። ለሶላት ውዱ ለሚያደርግ ሰው፣ ቁስሉ ፊት ወይም እግር ላይ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ውሃ እንዳይነካው፣ ከዚያ በኋላ ግን ንጹሕ ውሃ እንደማይጎዳው አስረዱ፤ ፀበል የሚሄዱትም ቆዳው እስኪዘጋ ቁስሉ ላይ ከማፍሰስ ይቆዩ።

ከንፈር የተሠራለት ሰው ቀድሞ ምች እየወጣበት ከሆነ አሲክሎቪር 400 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ከዋዜማው ጀምሮ ቆዳው እስኪዘጋ ይውሰድ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። በ3ኛው ቀን መቀነስ የነበረበት ሕመም ከጨመረ፣ ሽታና መግል ከመጣ፣ ትኩሳት ካለ በዚያኑ ቀን ይምጣ።

ፊት በ2 ሳምንት ገደማ ይዘጋል፤ ቅልጥም ግን ከወር በላይ ይቆያል፣ ለዚህም ነው ከጉልበት በታች ሌዘርን የማንወደው። በእኛ ቆዳ ላይ ቦታው መጀመሪያ ጠቁሮ፣ ቆይቶ ነጥቶ ሊቀር ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ አለመናገር ቅሬታ ያመጣል። ደረትና ትከሻ ላይ ጠባሳው አብጦ ሊወጣ ይችላል።

ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ረጅም እጅጌ። የፀሐይ ክሬም መግዛት ለሚችል የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፤ ለማይችል ጨርቁ ከክሬሙ አይተናነስም።

ክትትል

ከ3 ወር በኋላ፣ ከዚያ እስከ 2 ዓመት በየ6 ወሩ፣ ከዚያም እስከ 5 ዓመት በየዓመቱ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ጠባሳውን በጣት ዳስሱ፤ የተመለሰ ካንሰር ከመታየቱ በፊት እንደ አተር ጠንክሮ ይዳሰሳል። ዕጢውንም እንደገና ዳስሱ፣ ጫማ አስወልቃችሁ መዳፉን እዩ፣ የድሮውን ፎቶ ከጎን አድርጉ። አዲስ ጠንካራ ነገር ወይም የማይድን ቁስል ካገኛችሁ ሌዘሩን አትድገሙት፤ በፓንች ናሙና አንሱ።

ቀጠሮ ስትሰጡ የገበያ ቀን አስቡ። የባቲ ሰው ሰኞ ገበያው ነውና ለሰኞ ብትቀጥሩት አይመጣም። የአንድ ዘመድ ስልክ በካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ቀጠሮውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን።